ስልሳ ሁለት ያለው ማሽን

አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረ። ጉቦ የማይነካ፣ ሰዓት አክባሪ ሰው። ይግባኝ የሚቀርበው በስልሳ ቀን ውስጥ ነውና፣ በጣት መቁጠር ቢሰለቸው ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ አበጀ። ፍርድ የተሰጠበትን ቀን በአንዱ ሳጥን፣ ባለጉዳዩ የመጣበትን በሌላው ይጽፋል። ኮምፒውተሩ አንዱን ከአንዱ ቀንሶ ይነግረዋል። ከስልሳ ከበለጠ ያ ሰው አበቃለት።

ግንቦት ዐሥር ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ወይዘሮ ይርገዱ የምትባል እናት እያለከለከች ገባች። መጋቢት ዐሥር የተሰጠው ፍርድ ሴት ልጇን ከዱላ እጁን ለማይሰበስብ አባቷ አሳልፎ ሰጥቷታል።

ሰውየው ቀኖቹን በቁጥር ጻፈ። ስልሳ ሁለት!

«ሁለት ቀን አልፎዎታል፣ እትዬ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ጠበቃው እስከ ዛሬ ነው ብሎኛል!»

«ምን ላድርግ? ማሽኑ ነው ያለው።»

«ነገ ጠዋት ሊወስዳት እኮ ነው! ማሽኑ ልጅ አለው?»

መለሳት። ክፉ ሆኖ ነው? አይደለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

እሷ ስትወጣ ግን «ጠበቃው እስከ ዛሬ ነው ብሎኛል» ያለችው ትዝ አለው። ያንን መጋቢት ዐሥር ተመልሶ ነካው፤ ወሩን በስሙ እንዲጽፍለት አዘዘ። ማሽኑ ምን ብሎ ጻፈ? «ጁላይ»!

ሰውየው ክው አለ። እሱ ሰባተኛ ወር ብሎ ሲጽፍ፣ ማሽኑ የተቀበለው የፈረንጆቹን ሰባተኛ ወር ነው። ጁላይና ኦገስት ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ ናቸው። የኛ መጋቢትና ሚያዝያ ግን ሠላሳ፣ ሠላሳ! ሴትዮዋ አልዘገየችም።

ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ። ዘበኛው የግቢውን በር እየገፋ ነው። «ቆይ! አትዝጋ!» ይርገዱ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ክንዷን ይዞ አስነሳት፤ ይግባኟ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ማኅተም ተመታበት።

እልል ልትሉ ነው? ቆዩ፣ ገና ነው። ሰውየው ወደ ወንበሩ ሲመለስ ሠንጠረዡን ወደ ላይ ገፋው። እዚያ እሱ «አልፏል» ብሎ የመለሳቸው ሰዎች ስም አለ። የሁለት ዓመት ስም! ከእነሱ ስንቱ ሳይዘገይ ተመልሶ ይሆን?

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ወንድማችሁን «አሁንማ አለፈበት» ስትሉ፣ በማን አቆጣጠር ቆጥራችሁ ነው? ምራታችሁን በእናታችሁ ቤት ወግ፣ ልጃችሁን በጎረቤት ልጅ ውጤት አትቆጥሩም? ስሌታችሁ እኮ ልክ ሊሆን ይችላል። የሰውየውም ማሽን መቀነስ አልተሳሳተም። እግዚአብሔር ግን እያንዳንዱን በራሱ ወር ይቆጥረዋል፤ እኛንም እንዲያ ባይቆጥረን ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ይቀመጥ ነበር?

በልባችሁ አንድ ስም መጣ አይደል? እሱን ነው የምላችሁ። ዛሬውኑ ሂዱ፤ በቤት ልብስም ቢሆን ሂዱ። ሰውየው ይርገዱን አጥር ሥር አገኛት። የቀሩትን ግን የት ብሎ ይፈልጋቸው?