ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ካቢኔት

አንዲት ሴት ነበረች። አሰላ ነው የምትኖረው። ስሟን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ወጥ ቤቷን እዩልኝ።

ወጥ ቤቷ ውስጥ አንድ ካቢኔት አለ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ፣ ከላይም ከታችም በር በር ያለው፣ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ። ያኔ በሰፈሩ ካቢኔት ያለው ወጥ ቤት ብርቅ ነበር። ባሏ ጣውላውን ራሱ መርጦ፣ በጋሪ አስጭኖ፣ አናጺው አጠገብ ቆሞ ያሠራው ነው። ዛሬ ግን ጊዜው አልፎበታል። መልኩ ጠፍቷል። በሮቹ አይገጥሙም። እጀታው ሲነካ እጅ ላይ ይጣበቃል።

ለምን ይጣበቃል? እህቶች፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ወንዶች ግን ወጥ ቤት ገብታችሁ ስለማታውቁ እኔ ልንገራችሁ። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ዘይት ሲፈናጠር፣ ድስት ሲፈላ፣ ያ ሁሉ እንፋሎት የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ሄዶ ካቢኔቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ቅባት ይሆናል።

ታዲያ ይህች ሴት ምን ታደርጋለች? ፋሲካ ሲደርስ ቀለም ትቀባዋለች። ገና ሲደርስ ቀለም ትቀባዋለች። አጥባው ነው? አላጠበችም። ፍቃው ነው? አልፋቀችም። በዓል ደርሶ ማን ጊዜ አለው! ከአጥር በር የተረፈ አረንጓዴ ካለ አረንጓዴውን፣ ጎረቤት የሰጠቻት ሰማያዊ ካለ ሰማያዊውን፣ በዚያ በቅባቱ ላይ ለጥ ታደርገዋለች። ለበዓሉ ያምራል። በዓሉ ሲያልፍ ይላጣል። በተላጠው ላይ ደግሞ ሌላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ በሮቹ መግጠም ተዉ።

ምን ያስቃችኋል? የእናንተን ያላየሁት መሰላችሁ?

ስሟ እታለማሁ ነው። ባሏ ግርማቸው ዐረፈ። ለቅሶ ቤት እንደምታውቁት ነው፤ ሴቱ ሁሉ ወጥ ቤት ይገባል። የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ለለቀስተኛው ውሃ ልታቀርብ፣ ብርጭቆ ለማውጣት ካቢኔቱን ስትከፍት፣ የተላጠው ቀለም ብርጭቆዎቹ ላይ ረገፈ። እትዬ ብርቄ ቀለሙን አየች። ሐዘኑም አለ፣ ድካሙም አለ። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ውስጥ ነው የበላው?» አለች።

እታለማሁ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ እንደገና አጠበቻቸው። ሐዘኑ ሲያበቃ ግን ገበያ ወጥታ ወፍራም መጋረጃ ገዛች፤ ወጥ ቤቷ በር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ሰው አይገባም። የጸሎት ሕብረቱ እሷ ቤት ሲመጣ ሻዩ ከመጋረጃው ጀርባ ይወጣል፣ ባዶው ብርጭቆ ወደ መጋረጃው ጀርባ ይመለሳል። ላግዝሽ ብላ የተነሳችውን ሁሉ፣ ቁጭ በይ፣ አንቺ እኮ እንግዳ ነሽ እያለች ትመልሳታለች። ሰው ደግሞ፣ እንዴት ያለች እንግዳ ተቀባይ ናት እያለ ያመሰግናታል። ከእትዬ ብርቄ ጋር በበዓል ቀን ተሳስሞ ከመለያየት በቀር ሌላ ነገር አልቀራቸውም።

አንድ ልጅ አለቻት፤ ፌቨን ትባላለች። ፌቨን ልታገባ ነው። የሠርጉ ቀን ተቆረጠና የመልሱ ነገር ተነሳ። መልስን ታውቃላችሁ፤ ሙሽራዋ ከሠርጉ በኋላ ከባሏና ከባሏ ዘመዶች ጋር ወደ እናት አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ ቤተሰቧም ደግሶ ይቀበላታል። ቤቷ ትመለሳለች ነው ያልኳችሁ። እናትየው ግን አዳራሽ እንከራይ አለች።

ፌቨን ገረማት። ቤት እያለን? እናት ምክንያቱን ደረደረችው፤ ቤቱ ይጠባል፣ ዝናቡ አይታመንም፣ ወንበር የለንም። ወገኖቼ፣ ነገሩ ወንበር ነው? ወንበር እኮ ከዕድር ይመጣል! ነገሩ ካቢኔቱ ነው። መልሱ ቤት ከተደገሰ የሰፈሩ ሴት በሙሉ፣ የአማቾቹም ሴት በሙሉ ወጥ ቤት ይገባል። በመልስ ቀን ማን ፈቃድ ይጠይቃል? አንዷ ጭልፋ ፍለጋ፣ አንዷ ጨው ፍለጋ፣ ያን ሁሉ በር እየከፈቱ መዝጋት ነው። መጋረጃው ምን ሊያደርግላት!

ልጅቷ ይህን አታውቅም። እሷ የምታውቀው አባቷ እንደሌለ ነው፤ ቤቱን የሠራው እሱ እንደሆነ ነው። አንድ ቀን አልቻለችም፣ አለቀሰች።

«እማዬ፣ አባዬ በሠራው ቤት ካልሆነ፣ አዳራሽ ውስጥ የማን ልጅ ሆኜ ነው የምመለሰው?» አለቻት።

የእናቷን አንጀት በላችው። እሺ ልጄ፣ እዚሁ ይሁን አለች እታለማሁ። አለችና ምን አደረገች? አዲስ ካቢኔት ልታሠራ? በምን አቅሟ! ያንኑ የለመደችውን አደረገች። ነጭ ቀለም ገዛች፤ ፌቨን ሥራ እስክትሄድ ጠብቃ ቀባችው። ደግሞ ሲያምር! ደርቆ ካየችው በኋላ ተመላልሳ አየችው፣ ራቅ ብላ አየችው፣ ተገላገልኩ አለች። በማግስቱ ሽሮ ጣደች። ሽሮው ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ ነጩ ቀለም መጨማደድ ጀመረ። አበጠ። ከዚያ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

እታለማሁ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለካቢኔቱ ብቻ አይደለም። ለልጇ ቃል ሰጥታለች፣ ቀኑ ደርሷል፣ አሁን ደግሞ አይ፣ አዳራሽ ይሁን ልትላት ነው። ልጇን ከአባቷ ደጅ ልትመልሳት ነው።

በዚያች ሰዓት ማን መጣች? እትዬ ብርቄ! ስለ ድግሱ ልትነጋገር ነው የመጣችው። ሳሎን ገባች፣ ሰው የለም። የልቅሶ ድምፅ ሰማች። ተጠጋችና መጋረጃውን ገለጠችው።

እስቲ አስቡት። መጋረጃው የተሰቀለው በማን ምክንያት ነው? ከሰው ሁሉ እንዳታይ የተፈለገችው ማን ናት? እሷው ናት፤ መጣችና መሐል ቆመች። እታለማሁ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያንን ቃል ደግማ እስክትናገረው ጠበቀች።

እትዬ ብርቄ ወለሉን አየች። ካቢኔቱን ጠጋ ብላ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ጥፍሯ ሥር ጥቁር ቅባት ገባ። ጣቷን ለእታለማሁ አሳየቻት።

«እታለም፣ ቀለሙ ምን አጠፋ?» አለቻት። «ሳይታጠብ እኮ ነው የተቀባው።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ውሃ ጣጂ አለቻት። ያንን የለቅሶ ቀን ነገር ያነሳችው ውሃው እስኪፈላ ሲጠብቁ ነው። አቀርቅራ ነበር። «ያን ቀን የምፈልገው ወንድሜን ነበር። እሱን አጣሁና አንቺን ነከስኩ። ይቅር በይኝ።» እታለማሁ ተነስታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያኔ ነው ነገሩ የተቃናው። ቀለሙ ገና ከሱቅም አልተገዛም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው። በሮቹን በካቻቪቴ ፈታተው ግቢ አወጧቸው። በፈላ ውሃና በሳሙና አጠቡ። ውሃው ይጠቁራል፣ ይደፋል፣ ሌላ ይመጣል። በቢላዋ ጀርባ ፋቁ። ነጩ ተነሳ፣ ከሥሩ ሰማያዊው ወጣ፤ ይሄኛው ፌቨን ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ የፋሲካው ነው ትላለች እታለማሁ። ሰማያዊው ተነሳ፣ አረንጓዴው ወጣ፤ ይሄኛው የአጥሩ ነው። እትዬ ብርቄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አሁን ቢሳቅበት ምን አለበት፣ ነገሩ አልፏላ!

ከሁሉም በታች ምን የነበረ ይመስላችኋል? እታለማሁ በልቧ የጠበቀችው የበሰበሰ እንጨት ነው። ያን ሁሉ ዘመን የሸፈነችውን ነገር ከሥሩ የበሰበሰ አድርጋ ነው የምታስበው። እንጨቱ ደህና ነው! ግርማቸው የመረጠው ዝግባ አልነቀዘም፣ አልበሰበሰም፣ እንዳለ ነው። እትዬ ብርቄ በመዳፏ ዳሰሰችው። ወንድሟን አስታወሰችና ዕንባዋ መጣ።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ያ አሸዋ አሸዋ የሚለው ሻካራ ወረቀት፣ እንጨቱን አለሰለሱት። የተቦረቦረውን በስቱኮ ሞሉት። አሁን ቀለም መጣ፤ ክሬም ቀለም፣ በስሱ። እታለማሁ ወፈር አድርጋ ቶሎ ልትገላገል ፈለገች። የአሰላን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ቀለም ቶሎ አያደርቅም። እትዬ ብርቄ ብሩሹን ቀማቻት፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን ምን ያስቸኩልሻል ብላ ተቆጣቻት። መጥረጊያ ጨርቅ ሲያልቅባቸው ደግሞ እትዬ ብርቄ ዞር ዞር ብላ ፈለገች፣ አጣች፣ ሄዳ መጋረጃውን አወረደችው። ቀደደችውና የእንጨቱን አቧራ ጠረገችበት። እታለማሁም አንዱን ቁራጭ አንስታ አብራት ጠረገች። ፌቨን ከሥራ ስትገባ እናቷንና አክስቷን ፀጉራቸው ቀለም ነክቶት ሲሳሳቁ አገኘቻቸው። ምን ተገኘ ብላ ብትጠይቅ ሁለቱም አልነገሯትም።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ቤቱ ሞላ፣ ግቢው ሞላ፣ ድንኳኑ ሞላ። ወጥ ቤቱማ መግቢያ የለውም። ከሴቶቹ ጋር የሙሽራው እናት ገቡ፤ ደህና ቤት የለመዱ፣ ዕቃ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ካቢኔቱን አዩ። አንዱን በር ከፈቱ፣ ዘጉ። ድምፅ ሳያሰማ ግጥም አለ። በእጃቸው ዳበስ አደረጉትና፣ «እህቴ፣ የት ነው ያሠሩት? እኔም ላሠራ» አሉ።

ሴቱ ሁሉ ወደ እታለማሁ ዞረ። ከእነዚያ መሐል የለቅሶው ቀን የነበሩ አሉ። የብርጭቆውን ነገር የሰሙ አሉ። እታለማሁ ከአዲስ አበባ ነው ብትል ማን ይከራከራታል? እሷ ግን እትዬ ብርቄን ዞር ብላ አየቻት። ቀና አለች።

«አሮጌው ነው» አለች። «ታጥቦ ነው።»

እልልታውን ያስነካችው እትዬ ብርቄ ናት! ከወጥ ቤት ተነሳ፣ ሳሎን ተቀበለው፣ ድንኳኑ ተቀበለው። ግማሹ ሰው ለምን እልል እንደሚል አያውቅም፣ ግን እልል ይላል። ፌቨን ከሙሽራ ወንበሯ ተነሳች፤ ካባዋን እየጎተተች በሰው መሐል አልፋ ወጥ ቤት ገባች። አየችው። መዳፏን አባቷ ባሠራው በር ላይ አሳረፈች። «መጣሁ፣ አባዬ» አለች። የማን ልጅ ሆና እንደተመለሰች አሁን ያልገባው ሰው አልነበረም።

እህ! አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከኋላ ያላችሁ፣ እናንተንም ነው።

ስንቶቻችሁ ናችሁ ለበዓል ለበዓል የምትቀቡት? የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ሲደርስ አንድ ቀለም። አዲስ ዓመት ሲደርስ አንድ ቀለም። ከዘንድሮ ጀምሮ እጸልያለሁ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ አልቆጣም፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ሚስቴን አላስከፋም። ያምራል! ከዚያ አንድ ድስት ይፈላል። አንድ ሰው አንድ ቃል ይናገራችኋል፣ ቀለሙ ተገፎ ይወድቃል። ከዚያ እግዚአብሔርን፣ ለምን አልያዘልኝም ትሉታላችሁ። ቀለሙ ምን አጠፋ? ወንድሜ፣ ከወንድምህ ጋር ሳትታረቅ ቀባኸው። እህቴ፣ ያ የተነገረሽ ቃል ዛሬም ከሥሩ አለ፣ በእሱ ላይ ቀባሽው።

መጋረጃስ? እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ መጋረጃ አላችሁ። ጌታን ሳሎን አስቀምጣችሁ ሻይ ታቀርቡለታላችሁ። ላግዝ ሲላችሁ፣ አንተ እንግዳ ነህ፣ ቁጭ በል ትሉታላችሁ። እሱ እንግዳ ነው እንዴ? ጣውላውን የመረጠው ማን ነው? ከሥር ያለውን እንጨት ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? እናንተ የበሰበሰ መስሏችሁ ትደብቁታላችሁ፤ እሱ ውሃ አስጥዶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ሳትገቡ መጋረጃውን አውርዱት። ይቅርታ የሚጠየቀው ይጠየቅ፣ የሚታጠበው ይታጠብ። አንድ ቀን፣ ጉዳችሁን የሚያውቅ፣ ውድቀታችሁን የሰማ ሰው ሁሉ ቆሞ እያያችሁ፣ አንዱ መጥቶ እንዲህ አድርጎ ማን ሠራህ፣ ማን ሠራሽ ብሎ ይጠይቃችኋል። ይጠይቃችሁ! ቀና በሉና ንገሩት።

አሮጌው ነኝ። ታጥቤ ነው።