ስም ያጣችው የሥዕል ካርድ

ላውጋችሁማ! ጆሯችሁን ካዋሳችሁኝ ቶሎ እመልስላችኋለሁ።

ትርሲት በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ መዝጋቢ ነበረች። አንድ ሐሙስ ጠዋት የድሮ የኮምፒውተር ተርሚናል ክዳን ከፈተች። ተርሚናሉ ፊደል ብቻ የሚያሳይ፣ ስክሪንና ቁልፍ ሰሌዳ ያለው ዕቃ ነው፤ ውስጡ ግን ሥዕል እንዲሥል ኋላ የተጨመረች የምትመስል አረንጓዴ ካርድ ተሰክታለች። ስሟ አልተጻፈባትም። መዝገቡ ደግሞ ስም ይፈልጋል፤ ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ሁሉ ከሰዓት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሊሄድ ነው።

«ስምሽን ሳላውቅማ አትሄጂም!» አለችና ካርዷን ይዛ ወደ ንብረት ክፍል ሠራተኛው ወደ ጋሽ ደምመላሽ ሮጠች።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ የተርሚናሉን መመሪያ መጽሐፍ ይስጡኝ! መጽሐፍ ከሌለ ካርዷ ስም አታገኝ!»

«ያለ ደብዳቤ አልሰጥም» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ መንበረ ሄደች።

«እትዬ፣ ደብዳቤ ይፈርሙልኝ! ደብዳቤ ከሌለ ጋሽ ደምመላሽ መጽሐፍ አይሰጡ፤ መጽሐፍ ከሌለ ካርዷ ስም አታገኝ!»

«አምፖሌ ተቃጥሏል፤ መስኮትም የለኝ። ሳላነብ አልፈርም።»

ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ አስናቀ ሄደች።

«አስናቀ፣ አምፖሉን ቀይርልኝ! አምፖል ካልበራ እትዬ መንበረ አይፈርሙ፤ እትዬ ካልፈረሙ ጋሽ ደምመላሽ መጽሐፍ አይሰጡ፤ መጽሐፍ ከሌለ ካርዷ ስም አታገኝ!»

«በምን ልውጣ? መሰላሉ አባባ ሽብሩ ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አኩርፈዋል።»

ወደ አትክልተኛው ወደ አባባ ሽብሩ ሄደች።

«አባባ፣ መሰላሉን! መሰላል ከሌለ አስናቀ አምፖል አይቀይር፤ አምፖል ካልበራ እትዬ መንበረ አይፈርሙ፤ እትዬ ካልፈረሙ ጋሽ ደምመላሽ መጽሐፍ አይሰጡ፤ መጽሐፍ ከሌለ ካርዷ ስም አታገኝ!»

«አልሰጥም!»

«ምነው አባባ?»

«ወንድሜን ከቀበርኩ ሁለት ሳምንቴ። ከዚህ ግቢ አንድ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር አላለኝም።»

ትርሲትም አላለችም። መኪናው በሩ ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። እሷ ግን ካርዷን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ስማቸው ማን ነበር?»

«ዘርጋው። ሲስቅ ጎረቤት ይሰማው ነበር» አሉ፤ አወሩላት፤ ሰማቻቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ። ነፍስ ይማር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ። «በይ፣ አንዱን ጫፍ ያዥ!»

ከዚያማ ምን ቀረ? አባባ ሽብሩ መሰላሉን ሰጡ፤ አስናቀ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር ይበሉኝ» አለና አምፖሉን ቀየረ፤ አምፖሉ ሲበራ ወይዘሮ መንበረ ፈረሙ፤ እሳቸው ሲፈርሙ ጋሽ ደምመላሽ መጽሐፉን ሰጡ፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ያቺው ካርድ፣ ከነዘጠኝ ጥቁር ቺፖቿ፣ ገጹ ላይ ተሥላ ቁጭ! «የመስመርና የክብ መሣያ ካርድ፣ ቁጥር አራት።»

ትርሲት መዝገቡ ላይ ጻፈችው፤ ካርዷንም ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ሾፌሩ ብቅ አለና ተርሚናሉን በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ይሄስ ይጫን?»

«ኧረ ተወው!» አለች ትርሲት። «ስም አላት!»