ትርንጎ፣ አሸንዳዋና የማይጠብቀው ደመና

ተረት ተረት! እናንተ ደግሞ «የቆርቆሮ ክዳን፣ ዝናብ ይውረድብን» ብላችሁ መልሱልኝ። «የላም በረት» የሚለው ለዛሬ ይቆየን፤ ላምስ ያለ ውሃ ምን ትሆናለች?

ጠማኝ የሚባል ጉብታ ነበረ። ስሙን ያወጡለት ከሥሩ ያሉት መንደርተኞች ናቸው። ወንዝ የለው፣ ምንጭ የለው፤ ዝናቡም ቢመጣ ዶሮ ጠጥታ ቀና እስክትል ነው። እዚያ ጉብታ ላይ ትርንጎ የምትባል ሴት ከአባቷ በደረሳት መሬት ቤት ሠራች። ቆርቆሮ አለበሰችው፤ በጣሪያው ጠርዝም የዝናብ ውሃ መውረጃ አሸንዳ ሰቀለች። ከጓሮው ጉድጓድ ቆፈረች፤ በገዛ እጇ በሲሚንቶ ለሰነችው። «የጣሪያዬን ውሃ እዚህ አጠራቅሜ ዓመቱን ሙሉ እጠጣለሁ» አለች።

መንደሩ በሳቅ ሞተ። «ኧረ ሰዎች፣ ትርንጎ ሰማይን ጉድጓድ ልትከት ነው!» ተባለ። ታላቅ ወንድሟ አጎናፍርማ ጉብታውን ወጥቶ፣ «ነይ ውረጂ፤ ከቤቴ አንድ ጓዳ አይጠፋም» አላት።

«ጋሼ» አለችው፣ «የዘንድሮ ክረምት ለዚህ ጉድጓድ ውሃ ካልሰጠው፣ ቆርቆሮዬን በእጄ ነቅዬ ጓዳህ እገባለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ክረምቱ ገባ፤ ደመናው ግን እየመጣ በጎን ያልፋል። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴም ሊያልቅ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ከወዲያኛው ተራራ ጥቁር ደመና ሆዱን እየጎተተ መጣ። ትርንጎ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ቀና ስትል ግን አሸንዳዋ የለም። የማለዳው ነፋስ ገንጥሎ መሬት ጥሎታል። ያለ አሸንዳ የጣሪያው ውሃ ገደል እንጂ ጉድጓድ አይገባም።

«አሸንዳዬ፣ ተነስና ጉድጓዴን አጠጣልኝ» አለችው።

«መሬት ተኝቼ ማንን ላጠጣ? ምስማሩ ይያዘኝ» አለ አሸንዳው።

አሸንዳው ጉድጓዱን አላጠጣም አለ፤ ደመናው ደግሞ አይጠብቅም።

ምስማሩን ከአቧራ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው። «ምስማሬ፣ አሸንዳውን ያዝልኝ።»

«ወገቤ ጎብጦ እያየሽ! መዶሻው ያቃናኝ» አለ ምስማሩ።

ምስማሩ አሸንዳውን አልይዝም አለ፣ አሸንዳው ጉድጓዱን አላጠጣም አለ፤ ደመናው ደግሞ አይጠብቅም።

ወደ መዶሻው ሮጠች። «መዶሻዬ፣ ምስማሩን አቃናልኝ።»

«እጀታዬን አምና ሰብረሽ ዘንድሮ አቃና ትይኛለሽ? እጅ የሌለው ምኑን ይመታል!» ብሎ አኮረፈ።

መዶሻ ይናገራል ወይ እንዳትሉኝ። ዝናብ እየመጣ አሸንዳችሁ ወድቆ ያውቃል? ያኔ የማይናገር ነገር የለም።

መዶሻው ምስማሩን አላቃናም አለ፣ ምስማሩ አሸንዳውን አልይዝም አለ፣ አሸንዳው ጉድጓዱን አላጠጣም አለ፤ ደመናው ደግሞ አይጠብቅም። ነጎድጓዱም ጉርምርም ማለት ጀመረ።

ከደጇ አባቷ የተከላት ወይራ አለች። «ወይራዬ፣ ለመዶሻው እጀታ ስጪልኝ» ብላ ቅርንጫፏን ጨበጠች።

«ተይ! በእጅ ከገነጠልሽኝ እሰነጠቃለሁ፤ ለአንቺም ለመዶሻሽም አልሆን። በመጥረቢያ ቁረጪኝ» አለች ወይራዋ። እውነቷን ነው።

መጥረቢያውን አነሳች። «መጥረቢያዬ፣ ወይራዋን ቁረጥልኝ።»

«ዱልዱም ነኝ እኮ እቴ። እንኳን ወይራ ሽንኩርትም አልቆርጥ። የመሳያው ድንጋይ ይሳለኝ።»

መጥረቢያው ወይራዋን አልቆርጥም አለ፣ ወይራዋ ለመዶሻው እጀታ አልሰጥም አለች፣ መዶሻው ምስማሩን አላቃናም አለ፣ ምስማሩ አሸንዳውን አልይዝም አለ፣ አሸንዳው ጉድጓዱን አላጠጣም አለ፤ ደመናው ደግሞ አይጠብቅም።

ትርንጎ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የመሳያው ድንጋይ ፊት ተንበረከከች። «ድንጋዬ፣ አንተ እንኳ እሺ በለኝ። መጥረቢያውን ሳልልኝ።»

«እሺ፤ ግን ደርቄ አልስልም። ውሃ አጠጪኝ» አለ ድንጋዩ።

ውሃ! ይኼ ሁሉ ሩጫ ለውሃ፣ ውሃውም በውሃ! ትርንጎ ሳቋም እንባዋም ባንድ ላይ መጣ።

ይኼኔ አጎናፍር ከሩቁ ወንዝ ሁለት ጄሪካን በአህያ ጭኖ በጉብታው ሥር ሲያልፍ አያትና ደጇ ድረስ ወጣ። «አንቺ ትርንጎ! ምን ሆነሽ ወዲያ ወዲህ ትያለሽ?»

«ለመሳያዬ ድንጋይ ጥቂት ውሃ አጥቼ ነው ጋሼ።»

አጎናፍር ባዶውን የጣሪያ ጠርዝ አየ፣ መሬት የተጋደመውን አሸንዳ አየ፣ ሳቀ። «ውሃማ ሞልቷል። ቆርቆሮሽን ንቀይና ነይ፤ እንኳን ለድንጋይ ለአንቺም ይበቃል።»

የትርንጎ ጉሮሮ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። ጄሪካኑ ደግሞ እዚያው፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ነው። «ይቅርብኝ ጋሼ፤ መንገዱን ያቅናልህ» አለችና ፊቷን አዞረች። እሱም አህያውን እየነዳ ወረደ።

ቤት ገብታ እንስራውን አዘነበለች። ከሥሩ አንድ ጣሳ ውሃ ወጣ። ሌላ የለም።

«እኔ እኮ የጉሮሮሽ ነኝ። ድንጋይ ላይ አፍስሰሽኝ ደመናው ቢያልፍስ?» አለቻት ውሃዋ።

ትርንጎ ጣሳውን ይዛ ቆመች። ፈራች፤ አልዋሻችሁም። ድንጋዩ መጥረቢያውን አልስልም አለ፣ መጥረቢያው ወይራዋን አልቆርጥም አለ፣ ወይራዋ ለመዶሻው እጀታ አልሰጥም አለች፣ መዶሻው ምስማሩን አላቃናም አለ፣ ምስማሩ አሸንዳውን አልይዝም አለ፣ አሸንዳው ጉድጓዱን አላጠጣም አለ፤ ደመናው ደግሞ ከራሷ በላይ ደርሷል።

«ይኼን ጉድጓድ የቆፈርኩት ለአንድ ጣሳ ውሃ ልሳሳ ነው እንዴ? ልኖርበት ነው!» አለችና ውሃዋን ድንጋዩ ላይ ገለበጠችው።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ድንጋዩ ረጠበና መጥረቢያውን ሳለው። መጥረቢያው ሰላና ወይራዋን ቆረጣት። ወይራዋ ተቆረጠችና ለመዶሻው እጀታ ሆነችው። መዶሻው እጅ አወጣና ምስማሩን አቃናው። ምስማሩ ቀና አለና አሸንዳውን ያዘው። አሸንዳው እንደተሰቀለ ያ ደመና ተዘረገፈ።

ቆርቆሮው ተንጫጫ። ውሃው በአሸንዳው እየተንደረደረ ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ፣ ዱብ፣ ኋላም ሿ! አለ። ትርንጎ መጀመሪያ እጇን እፍኝ አድርጋ ከአሸንዳው ጫፍ ጠጣች፤ ከዚያ ያቋረጠችውን እልልታ አቀለጠችው። አጎናፍር ከታች እስከ አጥንቱ በስብሶ፣ በዝናብ ውስጥ ውሃ የጫነች አህያውን እየገፋ ሰማት። የእሱም ቤት ቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳ ግን የለውም። የጣሪያው ውሃ ሁሉ ደጁን ቦርቡሮ ገደል ገባ።

ዝናቡ አንዴ መንገዱን አውቋልና ደጋገመ። መስከረም ሲጠባ ጉድጓዱ ጢም ብሎ ነበር።

በጋው መጣ። ወንዙ ደረቀ። አጎናፍር ባዶ ጄሪካኖቹን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠማኝን ወጣ። ትርንጎ «ብዬህ ነበር» አላለችም። በጣሳ ቀድታ መጀመሪያ እሱን አጠጣችው፤ አህያይቱንም አጠጣች፤ ጄሪካኖቹንም ሞላችለት። እሱ ጺሙን ጠርጎ ቀና ብሎ አሸንዳውን አየ።

«ማን ሰቀለልሽ?» አላት።

ይህቺን ነበር ስትጠብቅ የከረመችው! ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «ውሃዬ ድንጋዩን አራሰ፣ ድንጋዩ መጥረቢያውን ሳለ፣ መጥረቢያው ወይራዋን ቆረጠ፣ ወይራዋ ለመዶሻው እጀታ ሆነች፣ መዶሻው ምስማሩን አቃና፣ ምስማሩ አሸንዳውን ያዘ፣ አሸንዳው ጉድጓዱን አጠጣ። እኔ ደግሞ አንተን አጠጣሁ፣ ጋሼ» አለችው።

አጎናፍር ወደ መዶሻው ጠቆመ። «መዶሻሽን… ታውሺኛለሽ?»

«ውሰድ» አለችው ትርንጎ። «መጥረቢያውንም ውሰድ። ድንጋዩንም ውሰድ። ማርጠቢያውን ግን ከእኔ ጉድጓድ ቅዳ።»

ጉብታውን ዛሬም ጠማኝ ይሉታል። ጠማኝ ብሎ የሚወጣው ሁሉ ግን ጠጥቶ ይወርዳል። ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በውሃ አርሱልኝ።