ደብሪቱና የባላምባራስ ሆድ

ተረት ላውራችሁ? «አውሪን» በሉኛ! ጮክ በሉ፣ ጆሮዬ ደክሟል። ንዴቴ ግን አልደከመም፤ ይህን ተረት ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ድሮ ድሮ፣ በአንድ የደጋ አገር ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ሆዳቸው ግን ከእርሳቸው ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው! በቅሎ ላይ ሲወጡ አራት ሰው ይደግፋቸዋል። በቅሎዋም ታቃስታለች፣ እርሳቸውም ያቃስታሉ። ወጥ ቤታቸውን የምትመራው ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ጎጆዋም ጓሮዋም በእርሳቸው መሬት ላይ ነው፤ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ግራዝማች አብተው «ይህ መሬት የእኔ ነው» ብለው ተነሡ። ሽማግሌዎች ተቀመጡና እንደ አገሩ ወግ ፈረዱ። «መስከረም ሲጠባ ባላምባራስ ድንበሩን ከተራራው ጫፍ እስከ ወንዙ በእግራቸው ይርገጡ። ሳይቀመጡ ከዘለቁ መሬቱ የእርሳቸው፣ ከተቀመጡ የግራዝማች ነው» አሉ። መስከረም ሊመጣ ገና ዓመት ነበረው።

ግራዝማች ሳቁ። «እንኳን ተራራ ደጃፋቸውንም አይዘልቁ! መሬቱ እጄ ሲገባ ጭሰኛውን ሁሉ እነቅላለሁ» አሉ።

ደብሪቱ ይህን ሰማች። «የእኔ ጎጆ በሰው ሆድ ላይ ተንጠለጠለ?» አለች።

ከዚያ ደምሌ የሚባል አዋቂ ነኝ ባይ ከተፍ አለ። «በሰባት ቀን እንደ ሸምበቆ አቀጥንዎታለሁ! ውኃ ብቻ ይጠጡ፤ እህል እንዳይነኩ» አለ።

«ጌታዬ፣ ይህ አይሆንም። በልክ ይብሉ፣ በእግርዎ ይሂዱ» አለች ደብሪቱ።

«አንቺ ምድጃሽን ጠብቂ!» አሉ ባላምባራስ።

ሰባት ቀን ውኃ ጠጡ። ዓይናቸው ጎደጎደ። በስምንተኛው ቀን አንድ ሙክት ብቻቸውን ጨረሱ። ሆድ ተመለሰ።

ደምሌም ተመለሰ። አያፍርም እኮ! «ማለዳ ማለዳ ኮሶ ይጠጡ» አለ።

«ጌታዬ፣ ኮሶ የሆድ ትል ይጥላል እንጂ ስብ አይጥልም» አለች ደብሪቱ።

«አንቺ ምድጃሽን ጠብቂ!»

ኮሶውን ጠጡ። ከጓሮ አልጠፋ አሉ። ግድግዳ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ኮሶውን ሲተዉት ገንፎ በቅቤ በጠዋት፣ ገንፎ በቅቤ በማታ ሆነ። ሆድ ተመለሰ፤ ወንድሙንም አስከትሎ መጣ።

ደምሌ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። «ሥጋ ብቻ ይብሉ። እንጀራ፣ ጎመን፣ ጥራጥሬ እርም ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ ተዉ!» አለች ደብሪቱ።

«አንቺ ምድጃሽን ጠብቂ አላልኩሽም!»

ወር ሙሉ ሥጋ በሉ። ሆዳቸው ደረቀ፣ ራሳቸውን አዞራቸው። ከወር በኋላ እንጀራ ቢያዩ ሙሉ መሶብ ጨረሱ። ሆድ ተመለሰ።

ዘመድ አዝማዱ ደግሞ ይባስ! «ጌቶች ከሱብን! በሞቴ፣ ይቺን ጉርሻ!» ይላሉ። «በሞቴ» የተባለ ሰው እምቢ አይልማ! አንዱ ሲያጎርስ ሌላው ይከተላል። እናንተዬ፣ ይህ ፍቅር ነው ግድያ? ሰው እንደ በሬ ይደለባል?

ደብሪቱ ከዚህ በላይ አልቻለችም። እንግዳው ሁሉ ባለበት ጭልፋዋን ወረወረች። «ምድጃ ስጠብቅ ጎጆዬ ሊፈርስ ነው! ምድጃዎን ይረከቡኝ!» አለች።

ባላምባራስ ደነገጡ። «ምን ላድርግልሽ?»

«በሞቴ! እስከ መስከረም እኔ የማቀርበውን ይብሉ። የሚያጎርስዎት ሰው ደግሞ ለአንድ ጉርሻ አንዴ ከእርስዎ ጋር ወንዝ ወርዶ ይውጣ።»

«በሞቴ» ተብለዋል፣ ምን ይበሉ? እሺ አሉ።

በማግስቱ የአክስታቸው ልጅ ሁለቴ አጎረሰ። ሁለቴ ወንዝ ወርዶ ወጣ፤ ምላሱ ተጎለጎለ። በሦስተኛው ቀን «ጌቶች ዛሬስ ጠግበዋል» አለ። ከዚያ ወዲያ አጉራሽ ጠፋ። ባላምባራስ ግን መንገዱን ለመዱት፤ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ይወርዳሉ።

ደብሪቱ ምንም አልከለከለቻቸውም። ጎመኑን አበዛች፣ ክኩንና ምስሩን አበዛች፣ እንጀራውን ቀነሰች። ሥጋው ለእሑድ ሆነ። ቅቤው ለሽታ ያህል፣ ጠጁም አንድ ብርሌ። «ሊጠግቡ ሲሉ እጅዎን ይታጠቡ» ትላለች።

በመጀመሪያው ወር ምንም አልታየም። ደምሌ ተሳለቀ፤ ባላምባራስም አመነቱ።

«ሆዱ በአንድ ቀን ነው እንዴ የመጣው፣ በአንድ ቀን የሚሄደው?» አለች ደብሪቱ በቁጣ።

ባላምባራስ ጎመናቸውን በሉ። በሦስተኛው ወር መታጠቂያቸው ረዘመባቸው። በስድስተኛው ወር ያለ ደጋፊ በቅሎ ላይ ወጡ።

መስከረም ጠባ። ባላምባራስ ከተራራው ጫፍ ተነሡ። ግማሽ መንገድ ላይ እርምጃቸው ዘገየ። ግራዝማች በርጩማ አሸክመው ከጎናቸው ይሄዳሉ፤ «ደክሞዎታል፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» ይላሉ። ደብሪቱ ከኋላ ነጠላዋን ነክሳ ትከተላለች። ባላምባራስ በርጩማውን አዩት፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ ሄዱ። እግራቸው ወንዙ ውስጥ ገባ። አገሩ በእልልታ ተናወጠ። ግራዝማችም አፍረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይሄኔ ማን ዘሎ ቢገባ ጥሩ ነው? ደምሌ! «ያቀጠንኳቸው እኔ ነኝ!» አይ ድፍረት! ሽማግሌዎቹ «ከዛሬ ወዲያ በዚህ አገር መድኃኒት እንዳትሰጥ» ብለው አባረሩት።

ባላምባራስም በሕዝብ ፊት «ደብሪቱ፣ ጎጆሽና ጓሮሽ እስከ ልጅ ልጅሽ ያንቺ ነው» አሉ።

ደብሪቱ እጅ ነሣች። ንዴቷ ግን አልወጣላትም። «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ሦስቴ ተናገርኩ። ወጥ ሠሪ ስለሆንኩ ነው ያልሰሙኝ?» አለች።

ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። «አዎ፣ ስለዚያ ነው» አሉ።

አያችሁ ልጆቼ? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ተረቴን መልሱ፣ አፌን አብሱ፤ በዳቦ ብቻ ግን አይደለም፣ ጎመንም ጨምሩበት!