በረመዳን ቀትር የተጠጣ አጥሚት

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው። ወሩ ጥር፣ ረመዳን የገባበት። የበልግ ዝናብ ይጠበቅ ነበር። ደመናው ጠዋት ጠዋት ይመጣና ሳያካፋ ይበተናል። ቀኑ ደረቅና ነፋሻ ነበር።

ከገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት የድሮ ከተማ፣ ከመስጊዱ በታች፣ ሼህ ይማም አራጋው የሚባሉ ገበሬ ይኖሩ ነበር። ሌላውን ቀን ያርሳሉ፤ በጁሙዓ መስጊድ የተሰበሰበውን ጀመዓ ያስተምራሉ። ቃል አያበዙም። ልጆቻቸው እንኳ ሲስቁ ያዩዋቸው ከስንት አንዴ ነው። ስለ ጾም ሲናገሩ ግን አንደበታቸው ይፈታ ነበር። «ጾሙን የገደፈ ሰው አላህ ፊት ምን ይዞ ይቆማል?» ይላሉ። ይህን ንግግራቸውን የከተማው ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የመጨረሻ ልጃቸው ሉባባ በአገሩ ደንብ የበኩር ልጇን ልትወልድ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ልጁ በሰላም ተወለደ። የእንግዴ ልጁ ግን ሳይወጣ ቀረ፤ ደሙም አልቆም አለ። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አወጣት። ሆስፒታል ደርሳ፣ የሰው ደም ተሰጥቷት፣ በአላህ ፈቃድ ተረፈች። በዚያ ሁሉ ዳገት ሌሎቹ ሲቀያየሩ ሼህ ይማም የያዙትን የቃሬዛ ጫፍ ለማንም አልሰጡም። ሉባባ ግን ይህን አታውቅም፤ ራሷን ስታ ነበር። እሳቸውም አልነገሯትም።

ወደ ቤት ስትመለስ ሐኪሙ ቀይ ክኒን ሰጣት። «ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ በልተሽ ትውጫለሽ። ደምሽ ገና አልተመለሰም። ዘንድሮ ጾም የለም» አላት፤ አባቷም ቆመው ሰምተዋል።

አርባ ቀኗ ሞላ። የወሊዱ ደም ቆመ፤ ገላዋን ታጥባ ጉስል አደረገች። ረመዳንም ገባ። እናቷ ሸምሲያ በየቀኑ ቀትር ላይ መጋረጃውን ጋርዳ አጥሚት ታስገባለች፤ ሳህኑ ባዶውን ይወጣል። ሼህ ይማም ባዶውን ሳህን ሲያዩ በልባቸው «አልሐምዱሊላህ» ይሉ ነበር። ነገር ግን የልጅቷ ከንፈር እንደነጣ ነው። ጡቷም እየደረቀ፣ ሕፃኑ ቀን ከሌት ያለቅስ ጀመር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሸምሲያ ምንጭ ወርዳ ሳለ ሼህ ይማም ከአውድማ ተመለሱ። ሉባባ ሕፃኑን ታቅፋ ልትቀበላቸው ስትነሳ ተንገዳገደች። በአንድ እጃቸው ልጁን፣ በሌላው እሷን ያዙና መደቡ ላይ አስቀመጧት። ሻሿ ከራሷ ወደቀ። ጫፉ ተቋጥሯል። ሲፈቱት ቀያዮቹ ክኒኖች መደቡ ላይ ተበተኑ።

«ሉባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ሻሿን ሳበችና ራሷን ሸፈነች።

«አጥሚቱስ?»

«ለጥጃዋ ነው የምሰጣት፣ አባ።»

«ለምን?»

«ደሙ ቆሟል። አርባዬም ሞልቷል። ከእንግዲህ ምን ሰበብ አለኝ? ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቄ ብበላ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል። ‹የሼህ ይማም ልጅ ጾም ገደፈች› ሲባል ከሚሰሙስ...» እንባዋ ቀደማት። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ የጾምኩ ጊዜ፣ በትከሻዎ ተሸክመው መስጊድ ወሰዱኝ። ከዚያ ወዲህ ተሸክመውኝ አያውቁም።»

ሼህ ይማም ክኒኖቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ሐኪም ያተረፋትን ልጅ እኔ በምላሴ ልቀብራት ነበር ብለው አሰቡ። ሕፃኑን ከጎኗ አስተኝተው ወደ ማድቤት ገቡ።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አጥሚት።»

«እርስዎ?»

«እኔ።»

በዕድሜያቸው ማማሰያ ይዘው አያውቁም። ዱቄቱ ጓጎለ፤ ጭሱ ዓይናቸውን አስለቀሰው። እንደምንም ፈላና በሳህን ቀድተው ከበራፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተመልሰው ልጃቸውን እቅፍ አድርገው አነሷት።

«ኧረ አባ! ሰው ያየናል!»

«ይየን። ያን ጊዜ በመጾምሽ ተሸከምኩሽ። ዛሬ በመብላትሽ እሸከምሻለሁ።»

በራፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧትና አጠገቧ ተቀመጡ። «ቢስሚላህ በዪ» አሉና ሳህኑን አቀበሏት። ሰው ከቀትሩ የዙህር ሰላት እየወጣ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ሉባባ አንዴ ተጎነጨችና ፊቷን አኮማተረች።

«ጓጉሏል፣ አባ። ጨውም የለው።»

«ጾመኛ ነኝ። እንዴት ልቅመሰው?»

ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጎረቤታቸው እማማ ዙበይዳ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። «ሼህዬ፣ ፀሐይዋ እኮ አናታችን ላይ ናት! ዓይንዎ ደከመ እንዴ?»

«ዓይኔ ደህና ነው። የደከመችው ልጄ ናት።»

«ይሁን፤ ሕመምተኛ መብላቷን ማን ጠላ? ከውስጥ ቢሆን ምን ነበረበት?»

ሰዉ ቆሞ ያዳምጣል። ሼህ ይማም ክኒኗን በእጇ ላይ አኖሩላትና እስክትውጥ ጠበቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አላህ የሰጠንን ተደብቆ የሚቀበል ሰው፣ በሰጪው ያፈረ ይመስላል።»

ነገሩ ይኸው ነው። አላህ ለታመመ ሰው ሩኽሳ፣ ያለመጾም ፈቃድ፣ ሲሰጥ በስስት አልሰጠም። ገላችንም ከእሱ በአደራ የተቀበልነው አማና ነው፤ አማናን መጠበቅም አላህን ማምለክ፣ ዒባዳ ነው። እኛ ግን መጾምን ስናሞግስ ፈቃዱን አንስተን አናውቅም። ያልተነገረው ነገር ነው ያቺን ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ያስገባት። አባትም ልጁን የሚወዳት በመልካም ሥራዋ ቀን ብቻ ከመሰላት፣ ታማ እንኳ መልካም ሥራ ፍለጋ ትወጣለች። ይህን ሼህ ይማም በአንድ ቀትር ተማሩት፤ ለመማርም አላፈሩም።

ያን ዕለት ካፈጠሩ በኋላ ሉባባን፣ «ስትድኚ የቀረብሽን ጾም፣ ቀዷሽን፣ ብቻሽን አትጾሚም። አብሬሽ እጾማለሁ» አሏት። የእሳቸው ጾም አንድም ቀን አልጎደለም ነበር።

በማግስቱ ጁሙዓ ነው። ጀመዓው ፊት ቆሙና፣ «ስለ ጾም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግማሹን ብቻ ነገርኳችሁ። አውፉ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ቀሪውን ግማሽ፣ የታመመ፣ የወለደች፣ የምታጠባም ሴት ያላቸውን ፈቃድ፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ሰላት ሰግደው ሲጨርሱ ከሁሉም ቀድመው ወጡ። ቁልቁል ወርደው ማድቤት ገቡ። ሸምሲያ ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ ማማሰያውን አልሰጧትም። ድስቱን ጣዱ። ዱቄቱን ቀስ እያሉ በጠበጡ። ይህን ጊዜ ጨው ጨመሩበት፤ ሳይቀምሱ።