እግሩ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ይናገር

አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አሻጋሪዎች ነበሩ። ድልድይ በሌለበት በዚያ አገር መንገደኛውን፣ የነጋዴውን ጨውና የታመመውን ሰው ተሸክመው የሚያሻግሩ እነሱ ናቸው። ረጅም ገመድ ይዘው በአንድ ረድፍ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። አለቃቸው ውቤ ደግሞ ዳር ካለው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመው «ግፋ!» ሲሉ ይገፋሉ፣ «ቁም!» ሲሉ ይቆማሉ። ከእሳቸው በቀር ማንም ትንፍሽ አይልም። ይህን ሕግ «አንድ አፍ» ይሉታል።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በአባቶቻቸው ዘመን ሁለት ሰዎች ውሃው መሐል ሆነው አንዱ «ወደ ላይ!» ሌላው «ወደ ታች!» እያሉ ሲጯጯሁ ረድፉ ተበጥሶ ሰው አልቋል። ከዚያ ወዲህ በአንድ አፍ ሲሻገሩ ኖሩ፤ ወንዙም ያን ጊዜ እንደ ቤት በሬ ገራም ስለነበር አላሳፈራቸውም።

ኋላ ግን ወንዙ ጠባዩን ለወጠ። ዝናቡ ወቅቱን ማክበር ተወ። ትናንት እስከ ጉልበት የነበረው ቦታ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን ረድፉ እንደ ልማዱ ሲሻገር ከፊት ያለው ሽበሺ የሚባል ሰው ድንገት ሰጠመ፣ ከኋላው ያለው ወንድሙም ተከተለው። ሽበሺን በገመዱ ጎትተው አወጡት። ወንድሙን ግን ውሃው ወሰደው።

ከለቅሶው በኋላ አለቃ ውቤ ሁሉንም ሰበሰቡና ጠየቁ።

«ምንም ምልክት አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ» አለ ሽበሺ። «አሸዋው ከእግሬ ሥር ሲሸሽ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እርስዎ ‹ግፋ› ብለው ነበራ! እኔ እኮ አፍ የለኝም አለቃ፤ ያለኝ እግር ብቻ ነው።»

አለቃው በቁጣ ብድግ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሕጉ የአባቶቻችን ነው» ብሎ ነገሩን እዚያው ይዘጋው ነበር፤ እንዲህ ያለ አለቃ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። እሳቸው ግን የሽበሺን ፊት አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ልባቸው ተሰብሮ ነበር።

«አባቶቻችን ሕጉን ያወጡት ሰው እንዳይሞት ነው» አሉ። «እኛ ለሕጉ ብለን ሰው ገደልን። ከዛሬ ጀምሮ ‹ቁም› የሚለውን ማንም ይበል።»

«ሁሉም አለቃ ከሆነማ እንደ ድሮው መጯጯህ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አይደለም። ለማስቆም ሁሉም ይበቃል። ከቆምን በኋላ መንገዱን የሚመርጠው ግን ከፊት ያለው ብቻ ነው። እኔም አፌን እይዛለሁ።»

በጋውን ሁሉ ተለማመዱ። ከኋላ የኖረው ሁሉ በየተራ ፊት ወጣ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብለውም ከላይ በኩል ሌላ መሻገሪያ አጠኑ። አንድ ጊዜ አንዱ ተንሳፋፊ ግንድ አይቶ በከንቱ «ቁም!» ቢል ጓደኞቹ ሳቁበት። አለቃው ግን አልሳቁም። «ዛሬ የሳቃችሁበት ሰው ነገ ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ደግሞ የምንሰጥመው አብረን ነው» አሏቸው።

ክረምት ገባ። የአለቃ ውቤ ልጅ ምጥ ያዛትና ጠናባት፤ አዋላጇ ያለችው ከወንዙ ማዶ ነው። በቃሬዛ ተሸክመዋት ገቡ፣ ሽበሺ ከፊት ሆነ። አባትየው ድንጋያቸው ላይ ቆሙ። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ ውሃው ለጥ ያለ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነበር።

መሐል ሲደርሱ ሽበሺ «ቁም!» አለ።

ረድፉ በሙሉ ቀጥ አለ። ልጅቱ ቃሬዛው ላይ ትጮኻለች። የአለቃው ሚስት ነጠላቸውን ጨምድደው «ኧረ ምን ሆነው ነው የቆሙት? ግፉ በሏቸው እንጂ!» እያሉ ይወተውታሉ። አለቃው «ግፋ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና ቆሙ፤ እንባቸው በጣታቸው መሐል ይወርድ ነበር።

ሽበሺ በዘንጉ መሬቱን ዳሰሰ፣ ወደ ላይ ታጠፈ፣ ረድፉም ተከተለው። ተሻገሩ። ልጅቱም በሰላም ተገላገለች።

ውሃው ሲጎድል ሰዉ ሁሉ ወርዶ አየ። ያ ቀጥ ያለ መንገድ የነበረበት ቦታ ቃሬዛውን ከነተሸካሚዎቹ የሚውጥ ገደል ሆኗል። አገሬው ሽበሺን ሲያመሰግነው እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እግሬን ነው የሰማሁት» አለ። «ከባዱን ሥራ የሠሩት ዝም ያሉት አባት ናቸው።»

ወዳጆቼ፣ የምንኖርበት ዘመን ጠባዩን የለወጠ ወንዝ ነው። ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሩቅ የሚያይ መሪ ያስፈልጋል፤ መሬቱ መክዳቱን ቀድሞ የሚያውቀው ግን ውሃው ውስጥ ያለው ሰው ነው። ነገን በትክክል የሚተነብይ ድርጅት የለም። ተለዋዋጩን ዘመን የሚሻገረው ከታች የመጣን ድምፅ ሰምቶ ሳይበተን መታጠፍ የሚችል ድርጅት ነው።

እናንተስ፣ በምትመሩት ቤት በቅርቡ «ቁም!» ያላችሁ ማን ነው? ማንም ከሌለ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ወንዙ ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ ሰዎቻችሁ አፍ ስለሌላቸው?