የዳይሬክተሩ ላፕቶፕ

አቶ ሀብተየስ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። በምርጫቸው የተሠራ ላፕቶፕ አማራቸውና መናኸሪያው አጠገብ ላፕቶፕ በትዕዛዝ የምትገጣጥም አንዲት ሴት ዘንድ ሄዱ። ሴትዮዋ ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ ጠይቃቸው ሳትጨርስ፣ «የሰፈር ሰው የገጣጠመውን እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አላስቀምጥም» ብለዋት ወጡ። ከዚያም ክዳኑ ላይ ስማቸው በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት ላፕቶፕ ከባሕር ማዶ አስመጡ።

ላፕቶፑ ግን ብዙም ሳይቆይ፣ እሳቸው በትልቅ ስብሰባ ላይ ንግግር እያደረጉ ሳለ ድርግም ብሎ ጠፋና አልበራ አለ። ለሻጩ በጻፉ ቁጥር «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ብቻ ይመጣል። ሲደውሉ ደግሞ የሚያናግራቸው ማሽን ነው።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ በንዴት ጦፈው፣ ሁለት ሠራተኞች አስከትለው ሴትዮዋ ሱቅ ገቡ። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው በደንበኞቿ ፊት የስድብ መዓት ያወርዱባት ጀመር።

«እናንተ ነጋዴዎች ኃላፊነት የሚባል ነገር አታውቁም። ዛሬውኑ ካልሠራሽልኝ ሱቅሽን አሳሽገዋለሁ።»

ሴትዮዋ ላፕቶፑን አገላብጣ አየችና፣ «ጌታዬ፣ ይህን የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ?» አለቻቸው።

«አይደለሽም። እዚህ ያገኘሁት ግን አንቺን ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች ሴትዮዋ። «ከእኔ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው፣ ሲበላሽበት የሚጮኽበት ሰውም አብሮ ይሰጠዋል። እርስዎ ግን ላፕቶፑን ከባሕር ማዶ ገዝተው፣ የሚጮኹበትን ሰው ከእኔ ሊወስዱ መጡ። እሱን ደግሞ ለብቻው አልሸጥም።»